ቦሩ ሜዳ፣ መቅደላና አንቀጽ 11

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ሦስት ንዑሳን አንቀጾች ያሉት አጭር ድንጋጌ ነው፤ የመጀመሪያው መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁለተኛው መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ ሦስተኛው ደግሞ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ከጸና ወዲህ በአደባባይ ደጋግሞ የሚጠቀሰው ግን የሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ሁለተኛ ግማሽ፣ ማለትም የሃይማኖት ሰዎች ከመንግሥት ጉዳይ እጃቸውን እንዲሰበስቡ የሚያሳስበው ክፍል ነው። መንግሥትን የሚከለክለው የመጀመሪያው ግማሽ ከባለሥልጣናት አንደበት እምብዛም አይሰማም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋና የአካባቢው ታሪክ ተመርምሮ ሲታይ ግን፣ አገሪቱን የበለጠ ዋጋ ያስከፈላት ካህኑ ወይም ሸሁ ወደ ሸንጎ መግባቱ ሳይሆን ሸንጎው ወደ ቤተ እምነት መግባቱ ነው።

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ምሽጋቸው ያደረጉት አምባ መቅደላ የዚህ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን ሰፊ መሬት ለሠራዊታቸው ቀለብ ለማዋል አስበው ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል የሚል ሥርዓት ለማጽናት ሲነሡ ካህናቱ ተቃወሙ፤ በ1852 ዓ.ም. ግን መሬቱ ተወሰደ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማም ኋላ ላይ ታስረው በዚሁ አምባ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ንጉሡም ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የመሬትና የግብር ጉዳይ፣ በየትኛውም ሚዛን ቢመዘን፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ቴዎድሮስ በዚህ አልተሳሳቱም። ችግሩ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቀብተው ያነገሧቸው እኚሁ አቡነ ሰላማ መሆናቸው ነበር። ሥልጣኑን ከጳጳስ ቅብዐት ያገኘ መንግሥት የጳጳሱን ርስት በተራ ሕግ ሊነካ አይችልም፤ በነካ ጊዜ የግብር ክርክሩ ወዲያው የሃይማኖት ክርክር ይሆንበታል።

ሁለተኛው ምስክር ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሊቃውንት ጉባኤ በዚያ ሰበሰቡ። ጉባኤው የተጠራው በክርስቶስ ባሕርይና ልደት ላይ ሲከራከሩ የኖሩትን ወገኖች፣ በተለይም ሁለት ልደት የሚሉትን ተዋሕዶዎችና ሦስት ልደት የሚሉትን ጸጎች፣ ለመዳኘት ሲሆን ፍርዱም ለተዋሕዶ ሆነ። ሊቃውንት በነገረ መለኮት ቢከራከሩ የሚነቀፍ ነገር የለበትም፤ ነገሩን የለወጠው ፍርዱ በሰይፍ የሚጸና ሕግ ሆኖ መታወጁ ነው። በዚህ መሠረት ከተወሰነው ትምህርት ውጪ ለቆዩ ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊሞች ሦስት ዓመት፣ በባሕላዊ እምነት ለሚኖሩ አምስት ዓመት ቀነ ገደብ ተቆረጠላቸው። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ በአፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በምኒልክ ክርስትና አባትነት የተጠመቁት አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሹማምንቱ እንዲህ በቀላሉ ቢያድሩም ሕዝቡ አላደረም፤ ሸህ ጦልሃን የመሰሉ ዑለማዎች አመፅ መሩ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ፣ የቀረውም ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም እየሆነ ኖረ።

ለሕግ አውጪ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። በጥምቀት ሥልጣኑን ያጸናው የሚካኤል ቤት ለንጉሠ ነገሥትነት የደረሰው በልጅ ኢያሱ ዘመን ሲሆን፣ የወደቀውም በሃይማኖት ክስ ነው፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን የእስልምና ወዳጅ ብለው ሲከሱ፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሰውን ከመሐላው ፈቱት፤ አባትየው ንጉሥ ሚካኤልም በወሩ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ልጅ ኢያሱ በአስተዳደር ጉድለት ሊከሰሱ የሚችሉባቸው ብዙ ጉዳዮች ነበሩ። የሥልጣን መመዘኛው ግን ሃይማኖት ስለነበረ ሌላው ሁሉ መመርመር አላስፈለገውም።

በሕግ ጽሑፍ ረገድም ሃይማኖትና መንግሥት በአንድ መጽሐፍ ሲኖሩ ቆይተዋል። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተጠናቅሮ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ አንደኛው ክፍል ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ስለ ዓለማዊ ጉዳይ ይናገራል። እንደ መለኮታዊ ሥርዓት ሲከበር የኖረው ይህ ሁለተኛ ክፍል ብዙውን የቀዳው ከቢዛንታይን ነገሥታት ሕግ መሆኑ፣ የተቀደሰ የሚባል ሕግ ምን ያህል ዓለማዊ ምንጭ ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሲያደርግ፣ በቀጣዩ አንቀጽ የጳጳሳትን ምርጫ የማጽደቅ ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ፤ ክብሩና ልጓሙ አብረው መጡ ማለት ነው። ልጓሙ ክብሩ ከቀረ በኋላም አልወለቀም። ደርግ የእስልምና በዓላትን ብሔራዊ በዓል በማድረግ ተገቢ እርምጃ የወሰደውን ያህል፣ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ ኋላም ገደላቸው፤ በ1979 ዓ.ም. ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው ብሎ በሕገ መንግሥት የጻፈውም ይኸው መንግሥት ነበር። በ1984 ዓ.ም. አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ከተነሡ በኋላ የተፈጠረው የሲኖዶስ መከፈል እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ ዘልቋል።

ሙስሊሙም ከዚህ አላመለጠም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን፣ በተለምዶ መጅሊስ የሚባለውን፣ ተጠቅሞ አሕባሽ የተባለውን የእስልምና ንቅናቄ አስተምህሮ በምእመኑ ላይ ይጭናል የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ የመጅሊሱ ምርጫ በመስጊድ ይካሄድ የሚለው ጥያቄ ውድቅ ሆኖ በቀበሌ ተካሄደ፤ የተቃውሞው አስተባባሪዎችም በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው በ2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው። በ2012 ዓ.ም. ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 1207 ለመጅሊሱ፣ በአዋጅ ቁጥር 1208 ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ሕጋዊ ሰውነት መስጠቱ፣ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 398 ከተሰጠው አንጻር ሲታይ የቆየ አድልዎን ያረመ ነው። ቢሆንም አንድን ምክር ቤት በስም ለይቶ በአዋጅ የሚያቆም ፓርላማ፣ በምእመናኑ መካከል ነገ ክፍፍል ቢነሣ የትኛው ወገን እውነተኛው እንደሆነ እንዲበይን ይጠየቃል፤ ብያኔውን የሰጠ ዕለት ጉዳዩ ዞሮ ቦሩ ሜዳ ይደርሳል።

ታዲያ ሃይማኖት ከሕግ ማውጣት ጨርሶ ይራቅ ማለት ነውን? በ1905 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አብያተ ክርስቲያናትን ከመንግሥት የለየችው ፈረንሳይ ወደዚያ ታዘነብላለች፤ ህንድ ግን ዓለማዊ መንግሥት ሆና በጋብቻና በውርስ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በየራሱ ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዳለች። ወሎ የሚያቀርበው መልስ ከሁለቱም ይለያል። በወሎዋ ከተማ በመካነ ሰላምም ሆነ በአጎራባች ወረዳዎች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ የሚገቡበት የቀብር ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ ቅሬው አባል በለቅሶ ቀን እንዲገኝ ያዛል፣ የቀረውን ይቀጣል፤ ሟቹ በየትኛው ጸሎት እንደሚሸኝ ግን አያዝም። አባላቱ ለደንቡ የሚገዙት ቃሉ ከቁርኣን ወይም ከወንጌል ስለተወሰደ አይደለም፤ ምክንያቱን ሁለቱም ስለሚቀበሉት ነው። የመቻቻል ተምሳሌት እየተባለ በየስብሰባው አዳራሽ የሚነገረው ወሎ ለሕግ አውጪ የሚጠቅመው ከሙገሳው ይልቅ በዚህ አሠራሩ ነው። አማኝ የፓርላማ አባል ከእምነቱ የመነጨ ሐሳብ ማቅረቡ መብቱ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉን የሚገዛ ሕግ እንዲሆን ሲጠይቅ ግን የሌላው እምነት ተከታይ ሊመዝነው የሚችል ምክንያት ማቅረብ አለበት።

የሃይማኖት ሕግ በራሱ ስም የሚሠራበት ዋነኛ በር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከፈተው ነው፤ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ ሊዳኙ ይችላሉ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቃዲዎች ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ታውቀው በ1936 ዓ.ም. ተሻሽለዋል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጠቅሳቸው ሲያልፍም መዳኘታቸውን አላቆሙም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አደራጁ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ምክር ቤቱ ሸሪዓው ትክክል ነው ወይም አይደለም አላለም፤ የመረመረው ፈቃዱ መሰጠቱን ብቻ ነው፤ ዳኛ ከነገረ መለኮት ሳይገባ እንዴት ሊፈርድ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ አብነት አይገኝም።

በሕጎቹ መካከል ግን ያልተስተካከለ ነገር አለ። በዚያው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ሲከለክል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 651 ሕግ በተቀበለው ሃይማኖት ወይም ልማድ መሠረት የተፈጸመውን ከቅጣት ነጻ ያደርጋል። በአንዱ ሕግ የሌለ ጋብቻ በሌላው የማያስቀጣ ሲሆን፣ የምትጎዳው ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ባል አይከሰስም፣ እርሷ ግን ሚስት መሆኗን የምታስረዳበት ሰነድ ላይኖራት ይችላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ፈቃድ ራሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ለመዳኘት እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድም በኋላ አይነሣም። መንገድ ርቋት፣ ማንበብ ሳትችል ቀርታ ወይም ከባሏ ቤተሰብ ጋር መካሰስ አስፈርቷት ያልቀረበች ሴት ዝምታ እንዴት የእምነት ውሳኔ ተደርጎ እንደሚወሰድ ለማስረዳት ይከብዳል። ማሻሻያው ከባድ አይደለም፤ ተከሳሹ ካልቀረበ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲሄድ፣ ፈቃድም ዳኛ ፊት በቃል ተጠይቆ እንዲመዘገብ ቢደረግ ይበቃል። ይህ የሸሪዓውን አንድ ቃል አይነካም፤ ስለዚህም ፓርላማው አንቀጽ 11ን ሳይጥስ ሊያወጣው የሚችለው ሕግ ነው።