«ጸሎቴ ደረቀብኝ» ላለኝ ወንድሜ

ዛሬ የፍቅርና የትዳሩን ወሬ ለጊዜው ቆየት አድርገን ስለ ነፍስ እናወራለን። ምክንያቱ ከአንድ ወጣት አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው።

ልጁ የተወለደው ከዳንግላ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ስድስት ዓመቱ ሲሆን መርካቶ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። እሁድ እንኳ አይዘጋም። «ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ዕቃ ቆጠራ ላይ ነው። ብጸልይም አፌ እንጂ ልቤ የለም። ሥራውንም እጮኛዬንም ትቼ አገሬ ልግባ?» ይላል። እጮኛው ደግሞ «ሰበብ የምትፈልገው እኔን ለመተው ነው» ብላ አኩርፋለች።

ወንድሜ፣ በቅድሚያ መድከምህ ኃጢአት አይደለም። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን አንብብ። ሐዋርያት ከአገልግሎት ሲመለሱ ምግብ የሚቀምሱበት ፋታ እንኳ አልነበራቸውም። ጌታ አልተቆጣቸውም፤ ገለል ወዳለ ቦታ ወስዶ ሊያሳርፋቸው ፈለገ እንጂ። ግን ልብ በል! ሕዝቡ እዚያም ቀድሟቸው ደረሰ። ስለዚህ ቦታ መቀየር ብቻውን ዕረፍት አይሆንም።

መቼም አገርህን እኔም አውቀዋለሁ። ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ቀጥሎ ዳንግላ። ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ከርሜበታለሁ። የዘንገና ሐይቅ ጸጥታ፣ ቀርከሃው፣ በብርድ ጋቢ ተከናንቦ ትኩስ ድንች መብላት... እውነት ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን የከተማ ልጅ ገጠርን ሲያስብ አየሩን ብቻ ነው የሚያስበው። ነፍስን የሚያድሰው አየሩ ሳይሆን የኑሮው ሥርዓት ነው ባይ ነኝ። እስቲ ያየሁትን ልንገርህ።

አንደኛ፣ ገበሬው የሚያርፈው ከሰው ጋር ነው። በአገራችን ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተወስኗል። ገጠር ውስጥ ይህ ዛሬም ኑሮ ነው። በሰንበት በሬው ሳይቀር ቀንበር አይጫንበትም። ጎረቤት ሁሉ ስለሚያርፍ ማንም «ተበለጥኩ» ብሎ አይጨነቅም። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፤ ዳቦውና ጠላው ቀርቦ ያለውም የሌለውም አብሮ ይቀመጣል። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ያን ቀን ፈረሱ እንኳ አጊጦ ይወጣል። አንተ ግን ሱቅህን ብቻህን ብትዘጋ ጎረቤትህ ሲሸጥ እያየህ ትቃጠላለህ። ስለዚህ ብቻህን አትረፍ! የሰንበት ማኅበር ፈልግ።

ሁለተኛ፣ ጸሎታቸው ከሥራቸው አይለይም። እናት ሊጡን ስታቦካ «በስመ አብ» ትላለች፤ አባት ማጭዱን ሲያነሣ ያማትባል። እኛ ከተሜዎች ጸሎትን ለብቻው ሰዓት እንቀጥርለትና ሰዓቱ ሲያልፍ እንተወዋለን። ሱቅህን ስትከፍት አማትብ፤ የመጀመሪያውን ደንበኛ ስታስተናግድ ተመስገን በል። አጭር ትሁን፣ ግን አትቅር።

ሦስተኛ፣ መጠበቅን ያውቃሉ። አዲስ አበባ የምናነደው ከሰል ከአገርህ ከአዊም ይመጣል። ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገብቶ ብዙውን አድርቆታል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ሽማግሌ የደረቀውን ነቅለው ድንች ሲተክሉ አይቼ «አያዝኑም ወይ አባቴ?» አልኳቸው። «አዝኛለሁ እንጂ! ግን መሬቱ የእግዜር ነው፣ ባዶውን አላሳድረውም» አሉኝ። አንተ ጸሎትህ ከደረቀ ስንት ወርህ ነው? መሬቱን ባዶ አታሳድረው።

አሁን ደግሞ መራራውን ልንገርህ። ገጠር ገነት አይደለም! የሰንበቴውን ጠላ ጠምቀው፣ ውኃውን በጀርባቸው ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶች ናቸው። እህቶችህ ወደ ከተማ የሚጎርፉት አየሩ ጠልቷቸው አይደለም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ስንቱን እንዳስጨነቀ አንተው ታውቃለህ። ስለዚህ አገሬ ልግባ ያልከውን ጉዞ ለጊዜው አቆየው።

ይልቅ እንዲህ አድርግ። ከሱቅ ጎረቤቶችህ ጋር ተማክራችሁ እሁድ እስከ ቀትር አብራችሁ ዝጉ። ካልተስማሙ እንኳ በወር አንድ እሁድ ጀምር፤ የሚቀርብህን ገንዘብ እንደ አሥራት ቁጠረው። ያን ቀን ስልክህን ዘግተህ ከእጮኛህ ጋር አስቀድሱ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አፍልታችሁ ጎረቤት ጥሩ። ቡናውን ደግሞ አንተ አፍላ፣ የእሷም ዕረፍት ይሁን! ለንስሐ አባትህም የነገርከኝን ሁሉ ንገራቸው፤ የእኔ ምክር የእሳቸውን አይተካም።

እሷን አትተዋት ወንድሜ። ሰው ጥሎ የሄደ ሰው የትም ቢደርስ ጸሎቱ አይረጥብለትም። እናንተስ አንባብያን፣ ሰንበታችሁን ለማን ሸጣችሁት? ጻፉልኝ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!