ኩፍታ በትሪ

በግማሽ ኪሎ ሥጋ ስድስት ሰው ማጥገብ የምትፈልጉ ከሆነ በዚህ እትም ከሶርያና ከሊባኖስ ማዕድ አንድ ምግብ እንዋስ። «ኩፍታ ቢ ሲኒያ» ይሉታል፤ ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ያውቁታል። ሲኒያ በዓረብኛ ትሪ ማለት ነው፤ ከቡና ሲኒያችን ጋር እንዳታምታቱት።

ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርትና አንድ እፍኝ ፐርሰሜሎ በደቃቁ ክተፉ። የሽንኩርቱን ውኃ ጨምቃችሁ አስወግዱ፤ አለዚያ ሥጋው ይላላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ቀረፋና ከሙን ጨምራችሁ ለውሱ። ሥጋው ጥቂት ስብ ይኑረው፤ ጥሩ ቀዩ ብቻ ከሆነ ይደርቃል።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጨው ለመቅመስ ብላችሁ ጥሬውን ወደ አፋችሁ አታድርጉ። ክትፎ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን በሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው ላይ ላዩን ነው፤ ሲፈጭ ወደ መሃል ይገባል። የኮሶ ትልማ ከመጀመሪያውም ሥጋው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ አንዲት ጉርሻ የምታህል ጠፍጥፋችሁ በመጥበሻ አብስሉና እሷን ቅመሱ።

ድንቹን መላጥ የባል ድርሻ ቢሆን ደስ ይለኛል። በበዓል በግ ገፍፎ የሚበልት ሰው ድንች አያቅተውም! ሦስት ድንች በስሱ ከትፋችሁ ለአምስት ደቂቃ ቀቅሉ። ሥጋውን በተቀባ ትሪ ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ሳታስበልጡ ጠፍጥፉና በ200 ዲግሪ ኦቨን 15 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ድንቹን፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደርድሩበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ በሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውኃ በጥብጡና ጥቂት ጨውና ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ አፍስሱበት፤ በፎይል ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ፣ ገልጣችሁ ደግሞ 10 ደቂቃ ጋግሩ።

ቀለሙ ብቻ መብሰሉን አያረጋግጥም። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ መሃሉን ለኩ፤ 71 ዲግሪ ይድረስ። የሌላችሁ ውፍረቱንና ሰዓቱን አክብሩ፤ መሃሉን ስትቆርጡትም እንፋሎቱ ይውጣ።

በዳቦ ወይም በሩዝ ይበላል፤ እኛ ቤት በእንጀራም ይሄዳል። የተረፈውን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገቡት፤ በማግሥቱ ሶሱ ጠልቆት ይበልጥ ይጥማል።