ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ሎደር

በሐዋሳ ዙሪያ ፑሚስና አሸዋ ከሚጫንበት ስፍራ አንድ ያረጀ ባለ ሰንሰለት ሎደር አለዎት እንበል። ባዶውን ሲሄድ ደኅና ነው። ባኬቱን አፈር ውስጥ አግብቶ ሲገፋ ግን ቀኙ ሰንሰለት እየዞረ ግራው ይቆማል። ገልባጮቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዱ «ካምቢዮው ይፈታ» ይላል፤ ሌላው «ፋይናል ድራይቩ ተሰብሯል» ይላል። እርስዎስ ማንን ይሰማሉ?

ከሁሉም በፊት መሣሪያው ራሱ የሚናገረውን ይስሙ። በተራ መኪና ላይ አንዱ ጎማ ሲፈጥን ሌላው እንዲዘገይ የሚፈቅድ ዲፈረንሻል አለ። እንደ ካተርፒላር 955 እና 977 ባሉት የቀድሞ ሎደሮች ላይ ግን ይህ የለም። ከካምቢዮ የሚመጣው ኀይል አንድ አግድም ዘንግ ያዞራል፤ በዘንጉ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የመሪ ፍሪሲዮን ተቀምጧል፤ ከዚያ ቀጥሎ ፍሬኑ፥ ፋይናል ድራይቩና ሰንሰለቱ ይገኛሉ። የግራውን መሪ ሲስቡ፥ በአንዳንዱም ፔዳሉን ሲረግጡ፥ የግራው ፍሪሲዮን ይለቃል፤ ሎደሩም ወደ ግራ ይታጠፋል። ካተርፒላር ከ1980ዎቹ አንሥቶ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በሎደሮቹ ላይ ይህን ፍሪሲዮን በዘይት ግፊት በሚሠሩ ሞተሮች መተካት ስለ ጀመረ፥ ምክራችን ከዚያ በፊት ለተሠሩት ነው።

እንግዲህ ዘንጉ አንድ ስለ ሆነ፥ ሁለቱም ፍሪሲዮኖች ከያዙ ሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል መሄድ ግዴታቸው ነው። ሁለቱም አብረው ከደከሙ በሽታው ከጋራ ስፍራ ይፈለጋል፤ ከሞተሩ፥ ከካምቢዮው፥ መሪው በዘይት ግፊት የሚታገዝ እንደ ሆነም ከፓምፑና ከፊልትሮው። አንዱ ብቻ ከደከመ ግን ካምቢዮ ማስፈታት ገንዘብ ማባከን ነው። ደኅናው ወገን ለታመመው መለኪያ ይሁንዎ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ይራቅ። በሜዳ ላይ፥ በአንደኛ ማርሽ፥ ባኬቱን ከጠንካራ የአፈር ግድግዳ አስጠግተው በዝግታ ይግፉ፤ መሪዎቹን አይንኩ። ሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል ከዞሩ ፍሪሲዮኖቹ ይዘዋል። አንዱ ቆሞ ሌላው ከዞረ የቆመው ወገን ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ባዶውንም ወደዚያ የሚጎትትና የፍሬኑ ቤት ከሌላው ይልቅ የሚግል ከሆነ ያልለቀቀ ፍሬን ነው። ያ ወገን ባዶውንም ጨርሶ የማይሄድ፥ የብረት ድምፅም የሚያሰማ ከሆነ ያን ጊዜ ፋይናል ድራይቩን ይጠርጥሩ።

የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ሁሉ ሸራው ያለቀ አይደለም። በመጀመሪያ የመሪውን ልል እንቅስቃሴ ከደኅናው ጋር ያስተያዩ፤ ልል ከሌለው ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደ ተለቀቀ ይቀራልና፥ መድኀኒቱ በመመሪያው መጽሐፍ ልክ ማስተካከል ነው። ቀጥሎ፥ በደረቁ የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ፥ ሞተሩን አጥፍተው ባኬቱንም መሬት አሳርፈው ከሥሩ ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ይፍቱ። ዘይት ከወረደ ፓራኦሊው አፍስሶ ሸራውን አርሶታል። ሸራ ብቻ ቀይሮ ፓራኦሊውን መተው በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ልሉም ልክ ከሆነ፥ ዘይትም ከሌለ፥ ሸራው አልቋል ወይም ሞላው ደክሟልና ይፈታ።

ተቃራኒው በሽታ መሪው ተስቦ ሎደሩ አልታጠፍ ማለቱ ነው። ይህ የማይለቅ ፍሪሲዮን ነው። ምክንያቱ ልሉ ከመጠን ማለፉ ወይም የመገጣጠሚያው መበላት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሞረድ የሚፍቀው የፑሚስ ብናኝ ለዚህ አመቺ ነው። ክረምቱን በዝናብ የከረመ እንደ ሆነም ሸራውና ብረቱ በዝገት ተጣብቀው ይሆናል።

ከገንዘቡ የሚበልጥ አንድ ነገር እንጨምር። በቁልቁለት ሞተሩ ሁለቱንም ሰንሰለቶች ይዞ ያዘገያቸዋል። የግራው ፍሪሲዮን ሲለቅ የግራው ሰንሰለት ይፈጥናል፤ ፍሬን ካልታከለበትም ሎደሩ በተቃራኒው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የሚንሸራተት ፍሪሲዮንም ኦፕሬተሩ ሳያዝ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ፥ ገልባጮቹ ቢሰለፉም፥ ሎደርዎን ከገደል አፋፍና ከቁልቁለት ያርቁ።

«ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይባላል። መፍቻውን ከማንሣትዎ በፊት ግራውን ከቀኙ ያስተያዩ።