ታናሹ አስቀድሞ ይናገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሚሴ የደረሰ ሰው፣ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰውን የጨፋን ሜዳ ያያል። በበጋ ወራት የቆላው ሣር ሲደርቅና ውሃው ሲነጥፍ፣ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ወደዚህ ረግረግ ይነዳሉ፤ ገበሬውም በዚያው ወራት እርጥበቱን ተጠቅሞ ማሳውን ማስፋት ይሻል። ለከብቱ ነፍስ የሚሟገተውም፣ ለእርሻው የሚሟገተውም እውነት አላቸው፤ የነገሩም ጭንቅ ከዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በአንድ ጧት ባለቀ ነበር፤ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ዳኝነት ጥበብ ይጠይቃል።

በመሥሪያ ቤትም አለቃ የሆነ ሰው ዕለት ዕለት የሚገጥመው ሙግት አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። የሒሳብ ሹሙ ወጪ ይቆጠብ ሲል የመስክ ባለሙያው መኪናው ይንቀሳቀስ ይላል፤ አንዱ ሥራው በቀኑ ይድረስ ሲል ሌላው ጥራቱ አይጓደል ይላል፤ ሁለቱም ለሥራው የሚያስቡ ናቸው። ሚዛናዊ መሪ ሲባል ግን ለብዙ ሰው የሚታየው ጠባየ ለስላሳ፣ ከዚህም ከዚያም ቆንጥሮ ሁሉን ደስ የሚያሰኝ ሰው ነው። እኔ ሚዛን ከጠባይ ይልቅ የሥርዓት ፍሬ ነው እላለሁ። ማን አስቀድሞ ማንስ በመጨረሻ እንደሚናገር፣ ያልጸደቀውም ሐሳብ ወዴት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ባልተወሰነበት ሸንጎ፣ የመሪው ልብ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ተቃራኒ ሐሳቦች አብረው ሊውሉ አይችሉም።

ይህን የቀደሙት አበው አሳምረው ያውቁት ነበር። በነገሥታቱ ችሎት የተሰየሙት፣ ወንበር የሚባሉት ዳኞች ፍርዳቸውን የሚናገሩት በማዕርግ ከታናሹ ጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር የነበረው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስም ይህንኑ ሥርዓት ጽፎታል። የንጉሡ ቃል፣ ቃለ ዐፄ በሚባለው ቃል አቀባይ አፍ፣ የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ ያንኑ ከመድገም በቀር ምን ሊል ይችላል? የሥርዓቱ ደራሲዎች የሰውን ፍርሃት በምክርና በተግሣጽ ሊያስወግዱት እንደማይችሉ ተረድተው፣ ፍርሃቱ ሥራ የሚፈታበትን ተራ አበጁለት። ንጉሡ የወደደውን የመፍረድ ሥልጣኑ አልተቀነሰበትም፤ ከመፍረዱ በፊት ግን የማይወደውን ይሰማል።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ስብሰባ የዚህ ሥርዓት ተቃራኒ ነው። ኃላፊው አጀንዳውን ከማንበቡ የራሱን አስተያየት ያስከትላል፤ ቀጥሎ እጁን ያወጣው «የተከበሩ ሰብሳቢያችን እንደገለጹት» ብሎ ይጀምራል፤ ሦስተኛው «የቀደሙኝ ተናጋሪ ሐሳቤን ወስደውታል» ይላል፤ በቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው ሰዎቹ ወጥተው ቡና ሲጠጡ ነው። በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ውሳኔ ስለ ምን በሥራ ላይ ሳይውል እንደሚቀር ኃላፊው ግራ ይገባዋል፤ ተቃውሞው ግን ድምፅ ስላጣ በእጅና በእግር ይገለጣል፤ ደብዳቤው ይዘገያል፣ ፊርማው ይጠፋል፣ መኪናው ይበላሻል።

ከሚሴን ያቀፈችው ወሎ ተቃራኒ ሐሳብን በሥልጣን መዝጋት የሚያስከፍለውን ዋጋ በታሪኳ አይታለች። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ አቁመው፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን የከፋፈለውን የሃይማኖት ክርክር ዘጉ፤ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ንጉሠ ነገሥቱ የሀገር አንድነት መሻታቸው አይጠረጠርም። ነገር ግን ውስጡ ያልተረታ ሰው እንደ ተሸነፈ አይቆጠርምና፣ ሸህ ጦልሃን የመሰሉ የእስልምና መምህራን ተነሥተው ወሎ ለዓመታት በዐመፅ ታመሰች።

በዚያው በወሎ ምድር ሌላ ትምህርት ቤትም አለ፤ እርሱም አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ሥርዓት ነው። ደም የተፈላለጉ ወገኖች በአበጋሩ ፊት ሲቀርቡ ጉባኤው በዱዓ ይከፈታል፤ ቡናው ይፈላል፤ ተበዳይ የልቡን እስኪያወጣ ድረስ ይደመጣል፤ በደለኛውም መልሱን እስኪጨርስ አይቋረጥም። አበጋሩ የጦር ኃይል የለውም። ቃሉ የሚከበረው ምርቃቱ ስለሚወደድ እርግማኑም ስለሚፈራ፣ ይልቁንም ሁለቱም ወገን መደመጡን ስላወቀ ነው። ፍርዱም ሲሰጥ ተበዳይና በዳይ ነገ በአንድ ገበያ፣ ምናልባትም በባቲ የሰኞ ገበያ፣ እንዲገናኙ ሆኖ ይሰጣል።

አሜሪካዊቷ የአስተዳደር ሊቅ ሜሪ ፓርከር ፎሌትም እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ሐሳብ ግጭት ባሰሙት ንግግር፣ የሐሳብ ጠብ በሦስት መንገድ እንደሚያልቅ አመለከቱ፤ አንዱ ሌላውን በመርታት፣ ሁለቱም ከሚሹት ከፊሉን በመተው፣ ወይም የሁለቱም መሻት የሚፈጸምበትን አዲስ መንገድ በማግኘት። ለሦስተኛው የሰጡት ምሳሌ የራሳቸው ገጠመኝ ነው፤ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሰው መስኮቱ እንዲከፈት ፈለገ፤ እርሳቸው የሰሜኑ ነፋስ እንዳይመታቸው እንዲዘጋ ፈለጉ፤ በመጨረሻም ሰው ያልነበረበት የቀጣዩ ክፍል መስኮት ተከፈተ። መስኮቱን እኩሌታ ቢከፍቱት ኖሮ ሁለቱም ባልተደሰቱ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ ጨፋ እንመለስ። በአንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብሉ ባለሙያና የእንስሳቱ ባለሙያ ስለዚህ ሜዳ ቢከራከሩ፣ ኃላፊው ሜዳውን በገመድ ለክቶ እኩሌታውን ለማሳ እኩሌታውን ለግጦሽ ቢያካፍል፣ ፍትሐዊ መስሎ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ውሃውና ሣሩ በገመድ አይሄዱምና። አስቀድሞ ቢያዳምጥ ግን፣ አርብቶ አደሩ መሬቱን በባለቤትነት ሳይሆን በጭንቁ ወራት እንደሚሻው፣ ገበሬውም አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ገለባውንና ቃርሚያውን ለከብት ቢለቅ ብዙ እንደማይጎዳ ይረዳል። አዝመራው ሲያበቃ ማሳው ለከብት መከፈቱ በአካባቢው የኖረ ልማድ ነው፤ ሁለቱን እውነቶች ያስታረቃቸው ጊዜ ነው።

በዚህ አነጋገር የሚቃወሙኝ ይኖራሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ወይም ወረርሽኝ ሲገባ ታናሹን እስክንሰማ መጠበቅ አይገባም ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ያን ጊዜ አለቃ ይዘዝ። ደግሞም የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ለሴቶችና ለወጣቶች ብዙ ቦታ አልሰጠም፤ በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በከሚሴና በአጣዬ ዙሪያ ሰው ያለቀበትን የግጭት እሳትም ሊያቆመው አልቻለም። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ሆኖም ጉድለቱ የሚያስተምረን ሸንጎውን ማስፋት እንደሚገባ ነው፤ ታናሹ አስቀድሞ ይናገር የሚለው ሥርዓት ሴቲቱንና ወጣቱን ከሁሉ በፊት የሚጠቅም ነውና።

ከሚሴ ይህን ሥርዓት ለመጀመር የተመቸች ከተማ ናት። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት የኦሮሞ ብሔረሰብ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ መቀመጫው ከሚሴ የሆነው የብሔረሰቡ ዞን በአፋን ኦሮሞ ሲሠራ ክልሉ በአማርኛ ይሠራል፤ የዞኑም ሠራተኛ በሁለት ልሳን መካከል ይውላል። እንግዲህ በዚያ ያለ ኃላፊ ሦስት ነገር ያድርግ፦ አስተያየቱን በመጨረሻ ይናገር፤ ባለሙያው ሐሳቡ በሚፈስለት ቋንቋ ይናገር ዘንድ ይፍቀድ፤ ጸሐፊውም ያልጸደቀውን ሐሳብ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ያስፍር፣ ውሳኔው በሥራ ተፈትኖ እንደገና የሚታይበትንም ቀን ከሥሩ ይጻፍ።