ብሩ በማያልፍበት በር

የካዛንቺስን የውስጥ ለውስጥ መንደር የሚያውቅ ሰው ሦስት ጥሪዎችን አይረሳም። አንዱ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ነው፤ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ያረጀ ጫማ ገዝቶ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስዳል። ሁለተኛው በበዓል ማግስት የሚመጣው «ቆዳ ያለው!» ባይ ነው። ሦስተኛው ጋሪ እየገፋ፣ ማዳበሪያ በትከሻው አንጠልጥሎ «ቆሻሻ!» ብሎ በር የሚመታው ልጅ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር ነዋሪው ይከራከራል፤ ዋጋ ይጠራል፣ ካልጣመው «ሂድ፣ ሌላው ይመጣል» ይላል። ከሦስተኛው ጋር ግን ክርክር የለም። ያለው ወይ ልምምጥ፣ ወይ ቁጣ፣ ወይ መዘጋጋት ነው።

ልዩነቱ ከዕቃው የመጣ እንዳይመስለን የበግ ቆዳ ምስክር ነው። ዋጋ በነበረው ጊዜ ገዢዎች ከደጅ እየተሻሙ ይወስዱት ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ግን በበዓል ማግስት ከአመድና ከቄጠማ ጋር ለቆሻሻ ሰብሳቢው የሚሰጥ፣ ሲብስም መንገድ ዳር የሚጣል ሆነ። ቆዳው ያው ነው፤ የቀረው በሩ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው ብር ነው። በነዋሪውና በቆሻሻ ሰብሳቢው መካከል ያለውን ቅያሜ ብዙ ሰው በጠባይ ያመካኛል፤ ነዋሪው ልጆቹን ሰነፎች ይላቸዋል፣ ልጆቹ ነዋሪውን ንቆናል ይላሉ። እኔ የምለው ቅያሜውን የወለደው ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ስለዚህም በምክርና በዘመቻ አይሽርም። የሚሽረው ነዋሪው በክፍያው ላይ ድምፅ ሲኖረው ነው።

እስቲ ገንዘቡን እንከተለው። በ1990ዎቹ በየሰፈሩ የተሰባሰቡ ወጣቶች ከየቤቱ በወር ጥቂት ብር እየተቀበሉ ቆሻሻ ያነሱ ነበር። ላልከፈለ አይነሳለትም፤ ላላነሳም አይከፈለውም። ኋላ ላይ ሥራው በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማኅበራት ተሰጠ፣ ክፍያውም ከውሃ ሂሳብ ጋር ተቆራኘ። ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ተመን መኖሪያ ቤትን የውሃ ሂሳቡን 20 በመቶ፣ ንግድ ድርጅትን 42.5 በመቶ የሚያስከፍል ነበር። የ200 ብር ውሃ የተጠቀመ ቤተሰብ 40 ብር ለጽዳት ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ብር በውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በኩል ተሰብስቦ ወደ ከተማው አስተዳደር ይገባል። ማኅበሩ ደግሞ ከየቤቱ ያወጣውን 8 ሜትር ኩብ የሚይዘው ገንዳ ውስጥ ጨምሮ፣ በመጠኑ ልክ አስመዝግቦ፣ ተራውን ጠብቆ ይቀበላል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ብሩ አንዴም ቆሻሻው በተነሳበት በር አያልፍም።

ልኬቱ ራሱ መዘዝ አለው። ክፍያው በሜትር ኩብ ሲሆን አዋጪው ቆሻሻ ቀላልና ሰፊው ነው፤ ካርቶን፣ ቄጠማ፣ የጫት ገረባ ማዳበሪያ ቶሎ ይሞላሉ። አመድ ወገብ ይሰብራል እንጂ ገንዳ አይሞላም። አስፋልት ዳር ያለ ምግብ ቤት ባንድ ጊዜ ጋሪውን ጢም ያደርገዋል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ጓሮ ያለች ቤት የምታወጣው ግን አንድ ፌስታል ነው። ሰብሳቢው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ልኬቱ እግሩን ወደ አስፋልቱ ይስበዋል። በላዩ ላይ ነዋሪው ሃይላንዱንና ጠርሙሱን ለቆራሌው ያስቀምጣል፤ ለሰብሳቢው የሚደርሰው ማንም የማይፈልገው ትርፍራፊ ነው። ሸጦ የሚደጉመው ነገር ሳይቀር አስቀድሞ ተለቅሞበታል።

ሌላው መዘዝ የሚመጣው ከቆጣሪው ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የቤት ባለቤት ማን እንደሆነ መለየት ቀላል ሆኖ አያውቅም ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ የሰፈሩ ብዙ ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኖ ኖረ። በአንድ ግቢ አራት አምስት አባወራ፣ በዚያ ላይ ደባል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነበር። ቆጣሪ የሌለው ከጎረቤት ወይም ከቦኖ ይቀዳ ነበር። የጽዳት ክፍያው ከውሃው ጋር ተደባልቆ በግቢው ሰው ላይ ይከፋፈል ስለነበር ሁሉም «ውሃ ጨመረ» ብሎ ያማርር ነበር እንጂ ለቆሻሻ ስንት እንዳወጣ አያውቅም ነበር። መክፈሉን ያላወቀ ሰው ደግሞ ምን አገልግሎት እንደጎደለበት ሊጠይቅ አይችልም።

በፋሲካ ማግስት አንድ ግቢ በር ላይ የምንሰማው ንግግር ይህን ሁሉ ይዟል። ማዳበሪያው ውስጥ የረጠበ አመድ፣ የዶሮ ላባና የደረቀ ቄጠማ ታጭቋል፤ ልጁ ብድግ ሊያደርገው ሲሞክር ታቹ ይቀደዳል።

«እትዬ፣ አመዱን ለብቻ ቢያደርጉልን ምናለ?»

«ውሰደው እንጂ የኔ ልጅ! በየወሩ እየከፈልን አይደል እንዴ?»

«ለኛ አልከፈሉም እኮ፣ እትዬ።»

ሁለቱም አልዋሹም። እሳቸው ከፍለዋል፤ እሱ እጅ አልገባም። ልጁ «የሻይ» ሲል እሳቸው ሁለቴ እንደተጠየቁ ይቆጥሩታል፤ እሳቸው ሲከለክሉት እሱ በነፃ እንዳገለገለ ይሰማዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ የሁለቱም ቅሬታ ገንዘቡን የያዘው የከተማው ቢሮ ላይ ነው፣ ቢሮው ሩቅ ስለሆነ ግን እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ።

እንዲህ ያለው ጠብ የኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሚኒሶታና በቶሮንቶ ብርዱ ሲገባ በረዶ ጠራጊና የቤት ባለቤት የሚነታረኩት በዚሁ ሰበብ ነው። ጠራጊው በመጣ ቁጥር የሚከፈለው ከሆነ ባለቤቱ «ለዚህች ስስ በረዶ ምን አመጣህ?» ይለዋል። ለወቅቱ በሙሉ በአንድ ዋጋ ከተዋዋሉ ደግሞ «የት ቀረህ?» ይለዋል። በረዶው ያው፣ ሰዎቹም ያው፤ ጠቡን የሚቀይረው የሂሳቡ አሠራር ነው። የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና ደግሞ ዋናውን መንገድ ሲጠርግ በየቤቱ የመኪና መውጫ ላይ የበረዶ ክምር ትቶ ያልፋል። ባለቤቱ አካፋ ይዞ ሾፌሩ ላይ ይጮሃል፤ ሾፌሩ ግን የሚከፈለው ከከተማው፣ የሚጠየቀውም ስለ መንገዱ ነው። ቶሮንቶ በብዙ ሰፈሮች ይህን ክምር ማንሳትን ራሱን የቻለ አገልግሎት አድርጋ ትሰጣለች። ሾፌሩን ጨዋነት ከመምከር ይልቅ የጠቡን ምክንያት ሥራ አድርጋ ከፈለችበት።

«እንግዲያው ወደ ድሮው እንመለስ፤ ሁሉም ለሰብሳቢው በእጁ ይክፈል» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ የሚማርክ ቢመስልም ድሃውን ይጎዳል። ክፍያው በውሃ ሂሳብ መሰብሰቡ አንድ ትልቅ ፍትሕ አለው፤ ብዙ ውሃ የሚያፈሰው ሆቴልና ባለ ሰፊ ግቢ፣ በጄሪካን ቀድታ የምትኖረውን ይደግፋል። በእጅ ወደ መክፈል ከተመለስን ጓሮ ያለችው ቤት ከነጭራሹ ትረሳለች፤ ያልተነሳው ፌስታልም ሌሊት ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ የሰፈሩ ሁሉ ዕዳ ይሆናል። ገንዘቡ በጋራ ቋት መግባቱ ትክክል ነው። ስህተቱ ቋቱ ከብሩ ጋር የነዋሪውንም ድምፅ ይዞ መሄዱ ነው።

ያንን ድምፅ ዛሬ የተካው የሻይ ሳንቲም ነው። ጉርሻ የሰጠ ቤት ቶሎ ይነሳለታል፤ ለበዓል መዋያ ብሎ ሃምሳ ብር ያቀበለ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይረሳም። ይህን ሙስና ብሎ ማውገዝ ይቻላል፤ ሆኖም ነዋሪው «ጎበዝ፣ በደንብ ሠርተሃል» ወይም «አልሠራህም» የሚልበት ሌላ መንገድ እስከሌለው ድረስ ውግዘቱ ዋጋ የለውም። የሻይ ሳንቲሙ ያልተጻፈ ውል ነው። ክፋቱ ያላት ብቻ የምትዋዋልበት ውል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ውሉ ይጻፍ። ለማኅበሩ ከሚከፈለው የተወሰነው በገንዳው መጠን፣ የተወሰነው በደረሰባቸው በሮች ቁጥር ይሁን፤ ያኔ ጓሮ ያለችው ቤት ከሸክም ወደ ገቢ ትለወጣለች። ማኅበሩ ሂሳብ ሲጠይቅ ከወረዳው ባለሙያ ፊርማ ጎን በየመንደሩ የተመረጡ ነዋሪዎች «በቀኑ መጥተዋል» ብለው ይፈርሙ። አመድ ለብቻ ያወጣ፣ ሃይላንዱን ለሰብሳቢው የለየ ቤት ከክፍያው ቅናሽ ያግኝ። የደረቅ ቆሻሻ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው የመለየት ግዴታ በየቤተሰቡ ኃላፊ ላይ ጥሏል። ቆራሌው ግን ይህንኑ ሥራ ያለ አዋጅ ሲያሠራን ኖሯል። እሱ ለለየንለት ይከፍላል፣ አዋጁ አይከፍልም።

ነገሩ የአንድ ሰፈር ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከመ። ከተማው ባለፉት ዓመታት ጭንቀቱንና ገንዘቡን ያዋለው በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው። በ2008 ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ከወራት በኋላ ቆመ፤ ቆሻሻው ቆሼ ወደሚባለው የረጲ ክምር ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ክምሩ ጥግ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። በ2010 ነሐሴ እዚያው በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደው የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ማሽኑ ግን የሚያቃጥለው ከየቤቱ የወጣውን ነው፤ እርጥብ አመድ፣ የአትክልት ልጣጭና ፌስታል አንድ ላይ ታሽተው ከመጡ እሳቱም ይታገላል። መለየት የሚቻለው ገና ሳይቀላቀል፣ ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ያሉት ያቺ ሴትና ያ ልጅ ብቻ ናቸው። በሁለቱ መካከል የሚተማመኑበት ነገር ሳይኖር መጨረሻው ላይ የሚተከል ማሽን የተበላሸውን ያቃጥላል እንጂ አያቃናውም።

ጊዜውም አሁን ነው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ከሰፈሩ የተነሡ ቤተሰቦች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች ሄዱ። ከቤቱ ጋር የፈረሰ ሌላም ነገር አለ። ሰብሳቢው የትኛው ግቢ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የትኞቹ አሮጊቶች ማዳበሪያ ጎትተው መውጣት እንደማይችሉና ማድ ቤታቸው ድረስ ሊገባላቸው እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ይህ እውቀት መዝገብ ላይ አልነበረምና የሚተላለፍበት መንገድ አልተገኘም። በአዲሶቹ መንደሮች ሁለቱም ወገኖች ከባዶ ይጀምራሉ፤ ውሉ ካልተጻፈ የሚጀምሩትም ከጉርሻው ነው።

ለጅማሬ የሚያስፈልገው አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። በየወሩ የሚመጣው የውሃ ደረሰኝ አለ። ለጽዳት የተቆረጠው ብር ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ማኅበር እንደሚያነሳ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣና ሲቀር የሚደወልበት ስልክ ደረሰኙ ላይ ይታተም። ያኔ «ከፍያለሁ» የሚለው ነዋሪ ለማን እንደከፈለ ያውቃል፤ «አልደረሰኝም» የሚለውም ሰብሳቢ ከነዋሪው ጋር ሆኖ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።