አገር በቀሉን ሣር ከዘር

ሚኒሶታ ውስጥ ቤት የገዛ ወገኔ በየሳምንቱ ግቢውን ሲያጭድ፣ ውኃ ሲያጠጣና ማዳበሪያ ሲበትን አያለሁ። ይህ ሁሉ ልፋት ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ለገባ ሣር ነው። የዚያ ምድር አገር በቀል ሣር ሌላ ነው፤ ከግቢያችን ጥግ ቢሰጠው ደግሞ በሚገባ ያድጋል።

ፕሬሪ የሚባለው የሣር ሜዳ በሚኒሶታ ብቻ 18 ሚሊዮን ኤከር ይሸፍን ነበር። ዛሬ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ ብዙም አይበልጥም። ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ የብረት ማረሻውን ከሠራ ወዲህ ያ በሥር የተቆላለፈ መሬት እየተገለበጠ የእርሻ ማሳ ሆነ። አሁን በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራበትን ጥቁር አፈር በሺህ ዓመታት ውስጥ ያበለጸጉት ግን የእነዚሁ ሣሮች ሥሮች ናቸው።

ከሁሉም የሚገንነው ቢግ ብሉስቴም ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሲያየው ባዕድ አይሆንበትም፤ ቤት የምንከድንበት የሰንበሌጥ ዘመድ ነው፣ ማሽላና በቆሎም ከዚያው ወገን ይመደባሉ። ቁመቱ ሰው ያህላል፣ ያልፋልም። ራሱ እንደ ወፍ እግር በሦስት ይከፈላል፤ ብርዱ ሲቃረብ ቅጠሉ የመዳብ ቀለም ይይዛል። ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ችግኝ ገዝቶ መትከል ይቀላል የሚሉኝ አሉ። ለትንሽ መደብ እውነት ነው። ሰፋ ላለ ቦታ ግን ዘር ይሻላል፤ ዋጋው ይረክሳል፣ የቱ ሣር የት እንደሚስማማውም መሬቱ ራሱ ይመርጣል። ዘር ስትገዙ ከየት እንደተለቀመ ጠይቁ። ከደቡብ የመጣ ዘር የሚኒሶታን ብርድ ላይቋቋም ይችላል።

አስቀድሞ የነበረው ሣር ፈጽሞ መሞት አለበት። በጋውን ሙሉ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት አንዱ መንገድ ነው። ከዚያ ኅዳር ሲገባ፣ በረዶው መሬቱን ሳይሸፍን፣ ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተን ነው። በጥልቀት አይቀበርም፤ ከላይ በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ ይበቃዋል። አብረው የሚዘሩት የፕሬሪ አበቦች አብዛኞቹ ብርድ ካልቀመሱ አይበቅሉምና የኅዳር ዘር ለእነሱም ይበጃል።

ሰው የሚሸነፈው ዘሩ በሚበቅልበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። መሬቱን አረም ይወርሰዋል፤ ቡቃያው እንደ ክር የቀጠነ ቅጠል ብቻ ስለሚያወጣ ጎንበስ ብሎ ላልፈለገው አይታይም። ጉልበቱን ሁሉ ለሥሩ እየሰጠ ነው። እባካችሁ ያን ጊዜ አትገልብጡት። አረሙን አትንቀሉ፣ ቡቃያው አብሮ ይነቀላልና፤ ጉልበት አካባቢ ሳይደርስ በማጨጃ ማሽን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አስቀርታችሁ እጨዱት፣ ፀሐይ ወደ ታች ትግባ። ማዳበሪያም አትጨምሩ፤ የሚጠቅመው አረሙን ነው። ሁለተኛው ዓመትም ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም። ቢግ ብሉስቴም ቁመቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ነው።

የረዘመ ሣር በከተማ አስተዳደር ያስቀጣኛል ብሎ መስጋት አሁን ብዙም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸና የሚኒሶታ ሕግ ታስቦበት የተተከለና እንክብካቤ የሚደረግለት ዕፅዋት ከ8 ኢንች በላይ እንዲያድግና ዘር እንዲይዝ ይፈቅዳል። ችላ የተባለ የግቢ ሣርን ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ የመደቡን ዳር ዳር እያጨዳችሁ ያዙት፣ ምን እንደዘራችሁም ለጎረቤቶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።