የተሰወረ የስህተት መልእክት ከስህተቱ ይብሳል

ይህ ጽሑፍ ዛሬ በአብዛኛው ከአገልግሎት ስለወጡ ኮምፒውተሮች የሚያወሳ ቢሆንም ዓላማው ያለፈውን ዘመን መናፈቅ አይደለም። በአንድ አሮጌ የዩኒክስ ዎርክስቴሽን ፊት ተቀምጬ የፈጸምሁትን ጥፋት መነሻ በማድረግ፣ በፊዚክስም ሆነ በሌላ የሳይንስ ዘርፍ የተሰማራ ወጣት ሁሉ መሣሪያው የሚነግረውን የማድመጥ ልማድ ሊያዳብር እንደሚገባ ለማሳሰብ ነው።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ወቅት፣ የቤተ ሙከራችንን ስፔክትሮሜትር የሚቆጣጠረው በዚያን ጊዜም ቢሆን እንደ አሮጌ ይቆጠር የነበረ የዩኒክስ ዎርክስቴሽን ነበር። መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም በሌላ ማሽን ላይ ስለማይሠራ ኮምፒውተሩን መለወጥ አልተቻለም። አንድ ቀን ጠዋት በስክሪኑ ላይ፣ ከተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ በላይ፣ የማንኛቸውም ያልሆነ ጽሑፍ ተበትኖ አገኘሁ። ጽሑፉ የምሠራበትን ግራፍ አቋርጦ ያልፋል፤ በማውስ ብጎትተው አይንቀሳቀስም፤ ልዘጋው ብፈልግም መዝጊያ የለውም። አብሮኝ የሚሠራ አንጋፋ ተማሪ ‹‹አትጨነቅ፣ ስክሪኑን የሚያድሰውን ትእዛዝ ስጠው፤ ይጠፋል›› አለኝ። እውነትም ጠፋ።

በማግስቱ ጽሑፉ ተመለሰ፤ እኔም አጠፋሁት። እንዲህ እያልን አራት ቀን ቆየን። በአምስተኛው ቀን ማሽኑ ዲስኩን ማንበብ ተሳነው። መረጃችን ለመጨረሻ ጊዜ በማግኔት ቴፕ ላይ የተገለበጠው ከስድስት ሳምንት በፊት ስለነበር፣ የስድስት ሳምንት ልኬት ከዲስኩ ጋር አብሮ ሄደ። የኮምፒውተር ባለሙያው ከማስታውሳቸው ጥቂት ቃላት ተነስቶ፣ ሳጠፋው የሰነበትሁት ጽሑፍ ‹‹ከዲስኩ ማንበብ አልተቻለም፤ እንደገና በመሞከር ላይ ነኝ›› የሚል ማስጠንቀቂያ እንደነበረ አስረዳኝ። ማሽኑ አልደበቀኝም፤ ለአራት ቀናት ደጋግሞ ነግሮኛል። ያላነበብሁት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ያ ጽሑፍ ከየት መጣ? ለምንስ በመስኮቶቹ ላይ ተደርቦ ታየ? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪዎች ሲጀመር ሰውና ኮምፒውተር የሚነጋገሩት በቴሌታይፕ አማካይነት ነበር። ከእነዚህ መካከል በስፋት የታወቀው ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደላትን በወረቀት ላይ ያትም ነበር። ከማሽኑ ጋር ከተያያዙት ተርሚናሎች አንዱ ‹‹ኮንሶል›› ተብሎ ይለያል። ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን በቀጥታ የሚያስተዳድረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ችግር ሲገጥመው የሚናገረው ወደዚህ ኮንሶል ነው። መልእክቱ በወረቀት ላይ ስለሚታተም ጠዋት የገባ ሠራተኛ ሌሊቱን የተባለውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ቪቲ100 የመሳሰሉ ባለስክሪን ተርሚናሎች ወረቀቱን ሲተኩ ግን፣ መልእክቱ 24 መስመር ባለው ገጽ ላይ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ወደ ላይ እየተንሸራተተ የሚጠፋ ሆነ። ፍጥነት ተገኘ፤ ትዝታ ግን አጠረ።

ሦስተኛው ለውጥ የመጣው በመስኮቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ የተጀመረውና አስራ አንደኛ ስሪቱ በ1987 የወጣው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም፣ በአንድ ስክሪን ላይ ብዙ ተርሚናሎችን በመስኮት መልክ ለመክፈት አስቻለ። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን ስፓርክስቴሽን 1 በመሰሉ ዎርክስቴሽኖች ላይ ግን አንዱ ስክሪን ሁለት ጸሐፊዎች ነበሩት። መስኮቶቹን የሚስለው የኤክስ ሰርቨር አንዱ ነው። ሁለተኛው ከርነሉ ሲሆን፣ ስለ መስኮት የሚያውቀው አንዳች ነገር ስለሌለ የኮንሶሉን ፊደላት በቀጥታ በስክሪኑ ማህደረ ትውስታ ላይ ይጽፋል። ነገሩ ሁለት መምህራን በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ደርበው ሲጽፉ እንደማለት ነው። ስክሪኑን የሚያድሰው ኤክስሪፍሬሽ የተባለው ትእዛዝ የኤክስ ሰርቨር መስኮቶቹን ሁሉ እንደገና እንዲስል ያደርጋል። ሰርቨሩ የሚስለው የሚያውቀውን ብቻ በመሆኑ የከርነሉ ጽሑፍ ይደመሰሳል። እንግዲህ የሚጠፋው ችግሩ ሳይሆን የችግሩ ማስታወቂያ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ መልእክቱን ማጥፋት ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው። የዩኒክስ ከርነሎች የኮንሶሉን ጽሑፍ ወደ ሌላ ተርሚናል ለማዞር የሚያስችል ጥሪ አላቸው። ኤክስተርም የተባለው የተርሚናል መስኮት በትልቁ በሚጻፈው የ‹‹ሲ›› አማራጭ ሲከፈት ይህንኑ ጥሪ ተጠቅሞ የኮንሶሉን መልእክት ይቀበላል። ለዚሁ ተግባር ብቻ የተዘጋጀ ኤክስኮንሶል የሚባል ፕሮግራምም አለ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ተከፍቶ ባዶውን ሲቀር ይታያል። በዚህ ጊዜ በቅደም ተከተል ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በዩኒክስ ኮንሶሉም እንደ ማንኛውም መሣሪያ በ‹‹ዴቭ›› ማውጫ ውስጥ የሚገኝ ፋይል ነው። መልእክቱን ለመቀበል የዚህ ፋይል ባለቤት መሆንና የማንበብም የመጻፍም ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ተጠቃሚው በኤክስዲኤም፣ ማለትም በሥዕላዊው የመግቢያ ገጽ በኩል ሲገባ፣ ባለቤትነቱ በአስተዳዳሪው ስም ሊቀር ይችላል። ስለሆነም በመግቢያ ጊዜ ባለቤትነቱን ለተጠቃሚው የሚሰጥ፣ በመውጫ ጊዜ ደግሞ የሚመልስ አጭር ስክሪፕት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ችግሩን በአቋራጭ ለመፍታት ፈቃዱን ለሁሉም መክፈት የማሽኑን ምስጢር ለማንም አሳልፎ መስጠት ስለሚሆን አይመከርም።

ሁለተኛ፣ የኮንሶሉን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ መስኮት ብቻ ነው። ሌላ ፕሮግራም አስቀድሞ ወስዶት ከሆነ፣ እንደ ሲስተሙ ዓይነት አዲሱ ጥያቄ ውድቅ ይደረጋል፤ ወይም የቀድሞው መስኮት ድምፅ ሳያሰማ ተቀባይነቱን ያጣል።

ሦስተኛ፣ መስኮቱ የሚታይበት ማሽንና ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማሽን የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገብተን ኤክስተርምን ከዚያ ብንከፍት መስኮቱ በፊታችን ቢታይም፣ የሚጠይቀው የሩቁን ማሽን ኮንሶል እንጂ የእኛን አይደለም።

አራተኛ፣ መስኮቱ በኮንትሮል ኤስ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ከቴሌታይፕ ዘመን የወረስነው የ‹‹ቁም›› ምልክት ሲሆን፣ የሚለቀቀው በኮንትሮል ኪው ነው። በእጅ ስህተት ኮንትሮል ኤስን ተጭኖ ‹‹ማሽኑ ሞተ›› ያለ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ጽሑፉ እየመጣ የማይነበብ ሲሆን ደግሞ ምርመራው ሌላ ነው። መስመሮቹ እንደ ደረጃ እየተንሸራተቱ ከወረዱ፣ ተርሚናሉ አዲስ መስመር ሲጀምር ወደ ግራው ጠርዝ የመመለስን ሥርዓት አጥቷል ማለት ነው። ፊደላቱ ወደ እንግዳ ምልክቶች ከተለወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል በስክሪኑ ላይ ፈስሶ የፊደል ገበታውን ቀይሮታል። ለፊተኛው ‹‹ኤስቲቲዋይ ሴን››፣ ለኋለኛው ‹‹ሪሴት›› የተባሉት ትእዛዛት መድኃኒት ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መልእክቱ በመዝገብ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሰን ሲስተሞች ላይ ሲስሎግ የተባለው አገልግሎት የከርነሉን መልእክት በ‹‹ቫር›› ሥር፣ በ‹‹አድም›› ማውጫ ውስጥ፣ ‹‹ሜሴጅስ›› በተባለ ፋይል ይመዘግባል። በቅርቡ የተነገረውን ደግሞ ‹‹ዲሜሴጅ›› የተባለው ትእዛዝ ያሳያል። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በብዙዎቹ የቀድሞ ስሪቶች የሲስሎግ ማዋቀሪያ ፋይል ሁለት ዓምዶች የሚለዩት በታብ ብቻ ነው። አንድ ሰው በታብ ፈንታ ባዶ ቦታ ከተወ ያ መስመር ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ ምዝገባው የቆመ መሆኑም የሚታወቀው መዝገቡ የተፈለገ ዕለት ነው። እኔ ያንጊዜ ይህን ፋይል ለአንድ ደቂቃ ከፍቼ ቢሆን ኖሮ የአራት ቀኑን ማስጠንቀቂያ ከነሰዓቱ ተሰልፎ አገኘው ነበር።

አንዳንድ አንባቢ ‹‹እነዚህ ማሽኖች አርጅተዋል፤ ሰን ማይክሮሲስተምስም እ.ኤ.አ. በ2010 በኦራክል ተጠቃሏል፤ ለእኛ ምን ይረባናል?›› ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። ዛሬ በቤተ ሙከራዎቻችን በምንጠቀምበት ሊኑክስ ላይ ዲሜሴጅ አለ፤ ኤክስተርምም አለ፤ ኮንትሮል ኤስም መስኮትን ያቆማል። የተለወጠው ነገር ቢኖር መልእክቱ ከዓይናችን ይበልጥ መራቁ ነው። በዚያ አሮጌ ስክሪን ላይ የከርነሉ ጽሑፍ ግራፌን እየቆረጠ ያስቸግረኝ ነበር፤ ዛሬ ሲስተሙ ሁሉን በመዝገብ አስቀምጦ ባማረ ሥዕል ስለሚሸፍነው የሚያስቸግረን እንኳ የለም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ‹‹ማሽን የሚናገረው ብዙ ነው፤ ሁሉን የሚያነብ ሰው ሥራ አይሠራም›› ይባላል። እውነት ነው። ሆኖም መልእክትን መለየትና መልእክትን መደምሰስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዩኒክስ ፈጣሪዎች ራሳቸው ይህን የተማሩት በዋጋ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በቤል ላብራቶሪዎች ለኅትመት ማሽን የሚላክ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ የስህተት መልእክቱ ከጽሑፉ ጋር በአንድ መስመር ይፈስ ስለነበር በሰውየው ተርሚናል ላይ ሊታይ የሚገባው ማስጠንቀቂያ በውድ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣ ነበር። ከዚህም በመነሳት ለውጤት አንድ፣ ለስህተት ሌላ የራሱ መውጫ ተበጀ። ልብ እንበል፤ የስህተቱን መንገድ ለዩት እንጂ አልዘጉትም።

እኛስ ምን እያደረግን ነው? በማስተምርበት ቤተ ሙከራ፣ ተማሪዎች ፕሮግራማቸው ማስጠንቀቂያ ሲያበዛባቸው የስህተቱን መውጫ ወደ ‹‹ዴቭ ነል››፣ ማለትም የገባበት ሁሉ ወደማይመለስበት ባዶ መሣሪያ፣ ሲያዞሩት በተደጋጋሚ አያለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ስለ ዲስኩ የሚለውን ሳያነቡ ያልፉታል። በልኬት ሠንጠረዥ ላይም ከመስመሩ የወጣችውን አንዲት ነጥብ ምክንያቷን ሳይጠይቁ ይሰርዟታል። እነዚህ ሦስት ልማዶች በእኔ እምነት አንድ ልማድ ናቸው። ጥፋቱም የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን ንጹሕ ግራፍ ላቀረበ ሙሉ ነጥብ እየሰጠን፣ ‹‹መሣሪያው ይህን ብሎኛል፤ ምክንያቱን ግን አላወቅሁም›› ብሎ በሐቅ የጻፈውን ነጥብ የምንቀንስበት ከሆነ፣ ዝምታን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ በኮምፒውተር መግቢያ ትምህርት ተማሪው ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት መልእክት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከከርነሉ እስከ መስኮቱ ያለውን መንገድ በገዛ እጁ ተከትሎ እንዲያይ ይደረግ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ የቤተ ሙከራ ዘገባ መሣሪያውና ኮምፒውተሩ የሰጡት ማስጠንቀቂያ የሚሰፍርበት አንድ ክፍል ይኑረው፤ ያልተፈታው ‹‹አልተፈታም›› ተብሎ ይጻፍ፤ ነጥብም ያሰጥ። ሦስተኛው፣ ከመለኪያ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ኮምፒውተር መዝገቡ በየሳምንቱ የሚነበብበት ቀንና የሚያነብበው ሰው ይወሰን። ለዚህ ሁሉ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ቀንና ኃላፊ መመደብ ብቻ ይበቃል።

እኔ በበኩሌ ከዚያ አምስተኛ ቀን በኋላ ስድስቱን ሳምንታት እንደገና ለክቻለሁ። የመጀመሪያውን የልኬት ቀን የጀመርሁት በስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የኮንሶል መስኮት ከፍቼ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነበረች፤ ባዶ መሆኗን ግን በየቀኑ አረጋግጥ ነበር። አበው ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላሉ። ማሽን በሽታውን አይደብቅም፤ የምንደብቅለት እኛ ነን።